ስለ ዛለው መሬትና ስለ ዛለው ባለሙያ

ይድረስ፦ ለግብርና ሚኒስቴር፣ ለክልል ግብርና ቢሮዎች፣ እንዲሁም በየወረዳው የዘመቻ ዕቅድ ለምታወጡ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሥራ ዝለት በመሬታችን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስለማሳወቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የክረምቱ ዕቅድ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ወርዶ የእያንዳንዱ ልማት ሠራተኛ ድርሻ በችግኝ ቁጥር ተቆርጦ በሚሰጥበት በዚህ ሰሞን አንድ ጉዳይ በአደባባይ ላቀርብላችሁ ፈለግሁ። የተጎዳውን መሬት እንዲያድንልን የምንልከው ሰው ራሱ ዝሏል። ሰውየውንና መሬቱን ያዛላቸው ደግሞ አንድ አሠራር ነው። ሁለቱንም ሳናሳርፍ ደጋግመን እንጠይቃቸዋለን፤ የሰጡንን እንቆጥራለን፤ ምን ያህል እንደቀራቸው ግን አንጠይቅም። ይህ አሠራር ካልተለወጠ በየዓመቱ የምናፈሰው ጉልበትና ገንዘብ የሚገባውን ያህል ፍሬ አያፈራም ብዬ አምናለሁ።

በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት በደጋ ቀበሌዎች ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ከቀበሌ ብወጣም አብረውኝ ከተመረቁት ብዙዎቹ እዚያው ናቸው። ስንደዋወል ስለ ደመወዝ ማነስ ያነሳሉ፤ ስለ መንገድና ስለ ቤት ኪራይም ያነሳሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮሌጅ እያሉ ስለ አፈር ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ የነበሩ ልጆች ዛሬ ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው "ምን ይደረጋል፣ ውለን እንገባለን" ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

ሀገራችን ለገጠሩ ያሰማራችው የባለሙያ ቁጥር ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሠለጠኑ። በየቀበሌው አንድ የሰብል፣ አንድ የእንስሳት፣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ እንዲመደብ፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልም እንዲሠራ ተወሰነ። ከአርሶ አደሩ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያላቸው ሀገሮች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ ዛሬም ትክክለኛ ነው። ባለሙያ ከገበሬው ጋር ይኖራል፣ ማሳውን ያያል፣ ከእሱ ይማራል፣ ያውቃል የተባለውንም ያካፍላል።

አሁን ያ ባለሙያ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ልንገራችሁ። ማዳበሪያ ሲመጣ መጋዘን ቆሞ ይመዘግባል፤ ያከፋፍላል። ዕዳው ሲደርስ በየቤቱ እየዞረ ይጠይቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮ ሲሰበሰብ ይላካል። ለዚህም ለዚያም መዋጮ ሲታወጅ ደረሰኝ ይዞ ይወጣል። ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎች የተጠቃሚ ስም ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ስሙ የቀረበት ሰው ቁጣም በእሱ ላይ ይወርዳል። ወረዳ ስብሰባ ሲጠራ ይሄዳል፤ ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ ያስተናግዳል። በዚህ ሁሉ መሐል ሙያዬ ነው የሚለውን ሥራ ይሠራል።

አንድ ነገር ላክልበት፤ ብዙዎቻችሁ በቀበሌ ስለሠራችሁ ታውቁታላችሁ። አርሶ አደሩ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም፣ በሰንበት ሞፈር አይነካም። ያረፈበት ቀን ስለሆነም ሕዝቡን ሰብስቦ ለማነጋገር የሚመቸው ያ ቀን ነው። ስለዚህ ልማት ሠራተኛው ቅዳሴ እስኪያልቅ ደጀ ሰላም ጠብቆ ስብሰባ ይመራል። በሥራ ቀን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ይፈልገዋል። ገበሬውም የመንግሥት ሠራተኛውም የየራሳቸው የዕረፍት ቀን ሲኖራቸው በሁለቱ መካከል የቆመው ሰው የአንዳቸውንም አያገኝም። ሴት ስትሆን ከዚህ በላይ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨቱ፣ ልጁ ይጨመርባታል። ጡት የምታጠባ ባልደረባዬ ልጇን አዝላ ተራራ ለተራራ እርከን ስትለካ ስለማውቅ ነው ይህን የምለው።

ሲመሽ ደግሞ ሪፖርት አለ። በእኛ ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። በዘመቻ ወቅት ሦስታችንም ማስታወሻ ደብተራችንን ይዘን በጨለማ እዚያ እንወጣለን። የወጣው የሰው ብዛት በወንድና በሴት ተለይቶ፣ የተሠራው እርከን በኪሎ ሜትር፣ የተቆፈረው ጉድጓድ፣ ከዕቅዱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ስልኩ ወዲያው ይደወላል፤ "ጎረቤት ቀበሌ መቶ በመቶ ገብቷል፣ እናንተ ምን ሆናችሁ?" ይባላል። አፈሩ ድንጋያማ እንደሆነ፣ ሰዉ ለቀብር እንደሄደ የሚጻፍበት ዓምድ ቅጹ ላይ አልነበረም። ያን ስልክ የሚደውለውን የወረዳ ባለሙያም አልወቅሰውም፤ እሱም ከዞን እየተደወለለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የሥራ ዝለትን አካትቶታል። በሽታ ነው አላለም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ጫና የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው አለ። ሦስት ምልክቶችንም አስቀመጠ። አንደኛው ጉልበት መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ከሥራው በልብ መራቅና ሥራውን በጥርጣሬና በምሬት ማየት ነው። ሦስተኛው "ምንም ውጤት አላመጣም" የሚል ስሜት ነው። ያው ድርጅት ከዓለም ሥራ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስና መርጋት የመያዝ ዕድልን በ35 በመቶ እንደሚጨምር አስታውቋል። የጤናው ጉዳት በራሱ በቂ የክርክር ምክንያት ነበር። እኔ ግን ዛሬ ከእናንተ ጋር መነጋገር የምፈልገው እነዚያ ሦስት ምልክቶች ወደ አፈሩ እንዴት እንደሚወርዱ ነው፤ ይህን ቀርቦ ያየ ሰው ብዙ አይደለምና።

ከችግኙ እንጀምር። ችግኝ ከጣቢያ የሚመጣው በፕላስቲክ ውስጥ ነው። ሲተከል ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀዶ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ሥሩ እዚያው ውስጥ እየተጠማዘዘ ያድግና ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። በክረምት ለምልሞ ይታያል፤ በጋው ሲገባ ይደርቃል። አንድ ባለሙያ በአንድ ጠዋት ጥቂት መቶ ሰው ይዞ ሲወጣ፣ ጉልበት ካለው በየመስመሩ እየዞረ "ፕላስቲኩን አውጡ፣ አፈሩን ጠቅጥቁ፣ ጉድጓዱን እስከ አፉ አትሙሉት" ይላል። የዛለ ሰው ግን አንድ ቦታ ቆሞ ይቆጥራል። ቁጥሩ ከሁለቱም ሰዎች እኩል ይመጣል። ልዩነቱ የሚታየው የካቲት ላይ ነው፤ የካቲት ላይ ደግሞ ማንም አይጠይቅም። የደረቀ ዋንዛ ነቅዬ ሥሩን ያየሁበት ጊዜ አለ። ጥቁሩ ፕላስቲክ ሙሉ ለሙሉ እንዳለ ነበር፤ ሥሩ ከታች ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ድቡልቡል ብሏል። ያንን ችግኝ ድርቅ ገደለው ማለት እውነቱን መሸሸግ ነው።

ክትርም እንዲሁ ነው። በቦረቦር ውስጥ የድንጋይ ክትር ሲሠራ መሐሉ ዝቅ ብሎ ውኃው የሚያልፍበት ማስተንፈሻ ሊኖረው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ወደ ዳገቱ ጠልቆ ሊገባ ይገባል። ይህ ካልሆነ ጎርፉ በጎኑ ዞሮ ዳሩን ይቦረቡራል፤ ቦረቦሩ ከበፊቱ ይሰፋል። ደህና የተሠራውም ቢሆን ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ሰው ሄዶ ማየት አለበት። የተነሣውን አንድ ድንጋይ መመለስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ካልተመለሰ በነሐሴ ክትሩ በሙሉ ይሄዳል። በእርከን ሥራም ጥገና ከአዲስ ሥራ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ የአፈር እርከን በየዓመቱ ከፍ ካልተደረገ ደለል ሞልቶት ውኃው በላዩ ላይ ያልፋል። ነገር ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ ባለሙያው በችግኝ ተከላና በማዳበሪያ ሥርጭት ተወጥሯል። ጥር ላይ ደግሞ በእርከንና በክትር ዘመቻ አዲስ ተፋሰስ ይሰጠዋል። "የተጠገነ" የሚል ዓምድ በቅጹ ላይ ቢኖርም የሚያስመሰግነው "አዲስ የተሠራ" የሚለው ነው። አንድ ሽማግሌ አርሶ አደር "ልጄ፣ ክትሩን ያየሽው ሲሠራ ነው፤ ሲፈርስ የምናየው እኛ ነን" ብለውኛል። ከእርሳቸው ማሳ ግርጌ የነበረውን ክትር ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነበር።

የችግኝ ጽድቀት አይቆጠርም አልልም፤ ይቆጠራል። የሚቆጥረው ግን የተከለው ራሱ ነው፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያመጣ የሚገመገመውም እሱ ነው። ለዓመታት ምክሩ ያልተሰማለት፣ ዕረፍቱ የተወሰደበት፣ ሥራው በቁጥር ብቻ የተመዘነበት ሰው የሚፈለገውን ቁጥር ቢጽፍ አትገረሙ። ከሥራው በልብ መራቅ የሚባለው ይህ ነው። ክፋት አይደለም፤ ሰው ራሱን የሚያተርፍበት የመጨረሻ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሆነ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒና የኢትዮጵያ ባልደረቦቻቸው ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ባካሄዱት ልኬት፣ በደጋው ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። በውፍረት ሲሰላ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አፈር ራሱን ከሚተካበት ፍጥነት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ አፈር የት እንደሚሄድም እናውቃለን። ሱዳን ውስጥ ያለው የሮዛሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ተሠርቶ በጥቂት አስርት ዓመታት ውስጥ ከመያዝ አቅሙ ሲሶ ያህሉን በደለል አጥቷል፤ ደለሉ የእኛ ማሳ ነበር። ዛሬ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው የራሳችን ታላቅ ግድብ ደለሉን ከላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። በግድቡ የምንኮራ ሁሉ ጎጃም፣ ወሎና ወለጋ ውስጥ በየክትሩ ላይ የተነሣችውን አንድ ድንጋይ የሚመልስ ሰው መኖር አለመኖሩ ሊያሳስበን ይገባል።

መሬቱንም የያዝንበት መንገድ ከሰውየው አያያዝ አይለይም። አባቶቻችን ማሳውን በየተራ ጦም ያሳድሩት ነበር። ዛሬ የቤተሰብ ይዞታ ጠቦ፣ ብዙ ሰው ያለው ከአንድ ሄክታር በታች ስለሆነ፣ ጦም ማሳደር የማይታሰብ ሆኗል። ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ወደ አፈሩ የሚመለስ ነገር የለም። ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋዎች ይህ ከአፈር መታጠብ ጋር ተደምሮ መሬቱን አኮምጥጦታል። ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጎዳ መሆኑን እናንተም በየመድረኩ ትናገራላችሁ። እንዲህ ያለው መሬት ማዳበሪያ ቢጨመርበትም በወጉ አይጠቀምበትም፤ ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ለማከም በሄክታር በቶን የሚቆጠር ኖራ ይጠይቃል። ገበሬው ምርቱ ሲያንስበት ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ዕዳው ይጨምራል፤ ዕዳውን እንዲያስመልስ የሚላከው ደግሞ ያው ባለሙያ ነው። ትናንት ስለ አፈሩ ሊመክረው የመጣውን ልጅ ዛሬ ዕዳ ጠያቂ ሆኖ ሲያየው ገበሬው በሩን ገርበብ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ምክር የሚባል ነገር አይኖርም።

እንግዲህ ነገሩ ይዞራል። መሬቱ ሲደክም የባለሙያው ሥራ ይበዛል፤ ባለሙያው ሲዝል መሬቱ ይብስበታል። ድርቅ ሲመጣ ይህ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ኤል ኒኞ ባስከተለው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የአስቸኳይ ዕርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ በየቀበሌው ስም የመዘገበው፣ ስንዴ ሲከፋፈል የቆመው፣ የተራበ ሰው ዓይን ዓይኑን ያየው ማን ነበር? ልማት ሠራተኛው ነው። ዝናቡ ሲመለስ ሳያርፍ፣ ያየውን ለማንም ሳይናገር ወደ ዘመቻ ገባ። በቦረና ከጥቂት ዓመታት በፊት ዝናብ ደጋግሞ ሲቀር የአርብቶ አደር ባለሙያዎች የከብት ሬሳ ሲቆጥሩ ከርመዋል። የጸጥታ ችግር ባለባቸው አካባቢዎች ያሉት ባልደረቦቼ ደግሞ በሌሊት የሚሰጉትን ስጋት እዚህ ላይ በዝርዝር አላወራም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ለወታደርና ለሐኪም የሥነ ልቦና ድጋፍ ያስፈልጋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ተገቢም ነው። ለግብርና ባለሙያ ያስፈልገዋል ሲባል ግን አልሰማሁም።

መሬትን ማሳረፍ በሀገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ መንዝ ምስክር ነው። በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። በዚህ ሥርዓት አካባቢው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ከአጫጅና ከከብት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት ጠባቂ ሆነው የተመረጡት ሰዎች ከማኅበረሰቡ ጋር ተመካክረው ነበር። ድርቅ ጠንቶ ሰዉ ሲቸገር ይከፈት ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው ሣር ይታጨድ፣ ከብቱም ይግጥ ነበር። ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋ ነበር። ሥርዓቱን የጣሰ ከባድ ቅጣት ነበረበት። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቀሮው ሲፈርስ ምድሩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ተጎዳ። ማኅበረሰቡ በኋላ ሥርዓቱን በአዲስ መልክ መልሶ በማቋቋሙ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል።

የመንዝን ታሪክ ያነሣሁት ለባህል ውዳሴ ብዬ አይደለም። በቀሮው ውስጥ ዕረፍት ሕግ ነበረው፣ ጠባቂ ነበረው፣ የመክፈቻ ጊዜውም የሚወሰነው በምድሩ አቅም ነበር። የሰው ጉልበትም በዚያ ተራ ይገባ ነበር፤ የሚጠብቅም የሚያጭድም ጊዜው ተለይቶ ይታወቅ ነበር። በዛሬው ዕቅዳችን ውስጥ ግን ለመሬቱም ለሰውየውም "ዘንድሮ ተራህ አይደለም፣ ዕረፍ" የሚል ቃል የለም።

"ሀገሪቱ ጊዜ የላትም፣ መሬቱ እየሄደ ነው፣ ዘመቻ ካልሆነ አንደርስም" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዘመቻን በጅምላ የሚያጣጥል ሰው አይደለሁም። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ሕዝቡ ተራራውን ከልሎ፣ እርከንና ክትር ሠርቶ የጉድጓድ ውኃውን መልሷል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። እዚያ የሠራው ግን የዓመታት ጽናት ነው። ያው ሰው፣ ያው ተራራ፣ ያው መተዳደሪያ ደንብ። የኮንሶ እርከንም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው አንድ ጊዜ ስለተሠራ አይደለም፤ ትውልድ ከትውልድ እየጠገነ ስላቆየው ነው። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም በደስታ ከተነሡት አንዷ ነበርኩ። መንግሥት በአረንጓዴ ዐሻራ እስከ 2018 ዓ.ም. 50 ቢሊዮን ችግኝ ለመትከል ያወጣው ግብም ትልቅ ነው። ይህን ያህል ችግኝ ማሳደግ ግን ከመትከል የተለየ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ሰው የተለየ ነው። ከተከለ በኋላ ደጋግሞ የሚመለስ፣ የሚመለስበት ጉልበትና ፍላጎት ያለው ሰው ይጠይቃል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው።

ዕዳ ማስመለስን፣ መዋጮ መሰብሰብን ከልማት ሠራተኛው ትከሻ ላይ አውርዱ። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። የብድርና የገንዘብ ሥራ የብድር ተቋማትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሥሩት። ለወረዳዎች በደብዳቤ ይውረድ፤ ደብዳቤውም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፣ ባለሙያው "ይህ ሥራዬ አይደለም" ሲል የሚያሳየው ነገር ይኑረው።

የተከላ ቁጥርን ከዓመታዊ ምዘና አውጡት። በምትኩ ከሁለት ክረምት በኋላ ቆሞ የተገኘውን ችግኝ፣ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ የተጎበኘውንና የተጠገነውን ክትር መዝኑ። ቆጣሪው ደግሞ ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው ይሁን፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ ባለሙያ ከመገምገሙ በፊት "ምን ቸገረህ?" ይባል። ጥር ላይ ከሚወጣው የማኅበረሰብ ጉልበት ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለጥገና ይያዝ። አዲስ የሚሠራው ተፋሰስ ቁጥር በዚህ ምክንያት ይቀንሳል። ይቀንስ።

የዕረፍት ጉዳይ በዕቅድ ውስጥ ይጻፍ። በሰንበትና በበዓል ስብሰባ የመራ ባለሙያ በዚያው ሳምንት የሥራ ቀን ተተክቶለት ይረፍ። የዓመት ፈቃዱ በዘመቻ ሰበብ እየተላለፈ እንዳይቃጠልበት፣ ከክረምቱ ሥራ በኋላና ከጥር ዘመቻ በፊት ያለው ጊዜ በተራ የሚወጡበት ይሁን። የዕለት ሪፖርት ይቅር፤ የሳምንት ይበቃል። በወሊድና በማጥባት ላይ ያሉ ሴት ባለሙያዎች ለቀበሌው ማዕከል ቅርብ በሆነ ተፋሰስ ይመደቡ። እነዚህ ብዙ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም፤ ፊርማ የሚጠይቁ ናቸው።

መሬቱንም አሳርፉት። ከንክኪ ነፃ የሆነው ቦታ ስንት ሄክታር እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በማን ደንብ፣ ለስንት ዓመት፣ ለማን ጥቅም እንደተዘጋ ይመዝገብ። የሣሩ አጨዳ መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ለሴት አባወራዎች በተራ የሚደርስበት ደንብ የሌለው ክልክል ዕድሜ የለውም፤ በሌሊት ይገባበታል። ኩበቱ ወደ ማሳው እንዲመለስ ከተፈለገ ደግሞ እናቶች በምን እንደሚያበስሉ አስቀድሞ መመለስ አለበት። ይህ የእናንተ መሥሪያ ቤት ብቻውን የሚፈታው ስላልሆነ ከውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ።

በመጨረሻም ባለሙያዎቹን ጠይቋቸው። የሥራ ዝለት በኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዘንድ ምን ያህል እንደሆነ ስማቸው ሳይጠቀስ የሚናገሩበት ጥናት ከየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆናችሁ አስጠኑ። ውጤቱንም ለሕዝብ አውጡት።

እ.ኤ.አ. በ2027 ዓ.ም. 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። ዓለም መጥቶ ተራሮቻችንን ያያል፤ የተጎዳ መሬትን መልሶ ለማልማት በወጣው ዓለም አቀፍ የቦን ቃል ኪዳን የገባነው 15 ሚሊዮን ሄክታር መሬት የማዳን ግዴታም ይነሣል። ያኔ የምናቀርበው ሪፖርት ላይ ያለውን ቁጥር የሚያወጡት ዛሬ ማታ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የሚወጡት ልጆች ናቸው። ቁጥሩ እውነተኛ እንዲሆን እነሱ መተንፈስ አለባቸው።

የዘንድሮው ዕቅድ ሊስተካከል የማይችልበት ደረጃ ላይ አልደረሰም። ከላይ የጠየቅኋቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልተቻለ በዚህ ሳምንት ሊደረግ የሚችለውን አንዱን አድርጉ፤ ዕዳ ማስመለስና መዋጮ መሰብሰብ የልማት ሠራተኛ ሥራ እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርማችሁ ለወረዳዎች አውርዱ። መልሳችሁን እኔም፣ በየቀበሌው ያሉት ባልደረቦቼም እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የልማት ጣቢያ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ